ከድንጋዩና ከእንጨቱ መሀል

ቤቱ መውደቅ ነበረበት። ሂክማ ሦስት ጊዜ አስልታዋለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ወድቋል። በመጀመሪያው «ተሳስቼ ይሆናል» ብላ እንደገና ከሀ ጀመረች። በሁለተኛው ኮምፒውተሩን ጠረጠረች። በሦስተኛው ግን አገጯን በእጇ ደግፋ ስዕሉን ታየው ጀመር። ስክሪኑ ላይ አራቱም የቤቱ ማዕዘን ፍም መስሎ ቀልቷል። እንደ ስሌቱ ከሆነ የሸማኔው የአባባ ኢድሪስ ቤት በተሠራ በሦስተኛው ክረምት ፈርሶ፣ ድንጋዩም ለጎረቤት አጥር ተለቅሞ ማለቅ ነበረበት። ቤቱ ደግሞ ይኸው መቶ ዓመት አልፎታል። ጉድ እኮ ነው! ባለቤቱም ውስጡ ተቀምጠው ጋቢ ይሸምናሉ።

ይቺ ሂክማ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ደብረ ታቦር መጥታ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ብርዱን ግን ዛሬም አልለመደችውም፣ በግንቦት ፀሐይ ሹራብ ደርባ ትሄዳለች። የተማረችው ሕንፃ እንዴት እንደሚቆም ነው፤ አመሏ ግን መጠየቅ ነው። እናቷ «አንቺ እኮ ሲቀብሩሽ ሳይቀር ‹ጉድጓዱ ስንት ሜትር ነው?› ብለሽ ትነሻለሽ» ትላታለች። ትበል እንጂ! እኔ እንደሆንኩ ከማይጠይቅ መሐንዲስ ቤት ገብቶ ከማደር ሜዳ ላይ ማደር ይሻለኛል።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። በሚያዝያ ያልታሰበ ዝናብ ሁለት ቀን ሙሉ ሲወርድ ሰነበተና፣ ከገበያው በላይ ያለው የአባባ ኢድሪስ ቤት በምሥራቅ ጥጉ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ቤቱ መንገድ ዳር ነው፤ በሥሩ ተማሪ ያልፋል፣ አህያ ያልፋል፣ በገበያ ቀን ደግሞ ገበያተኛው ግድግዳውን ተደግፎ ያርፋል። የማዘጋጃ ቤቱ የሕንፃ ባለሙያ አቶ ቢሆነኝ መጥቶ አየና ራሱን ያዘ። ክፉ ሰው አይደለም። «ቤት ማፍረስ አልወድም፤ ሰው ከፍርስራሽ ማውጣት ግን ከዚያ ይብሳል» አለ። ከዩኒቨርሲቲው ባለሙያ ጠየቀ፣ ሂክማ ተላከች። እስከ ግንቦት ሃያ ስምንት ወረቀቷን ታመጣለች። ወረቀቱ «ይቆማል» ካለ ይቆማል፤ «አይቆምም» ካለ ክረምቱ ሳይገባ ይፈርሳል። ፊርማው የሷ ነው፣ ኃጢአቱም የሷ።

አባባ ኢድሪስ ለዚህ ሁሉ የሰጡት መልስ አንድ ነበር። «እኔ ከዚህ ጉድጓድ የምወጣው ተሸክመው ሲያወጡኝ ነው።» ጉድጓድ ያሉት የሽመና ጉድጓዳቸውን ነው፤ እግራቸውን ሰድደው ክሩን እየረገጡ የሚሠሩበትን። አባታቸው ከይፋግ መጥተው የገቡበት ቤት ነው። እሳቸውም እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አግብተው፣ ሚስታቸውን ዘምዘምን ከዚያው አውጥተው ከቀበሩ አራት ዓመት ሆናቸው። ልጅ አልነበራቸውም። ጉልበታቸው ስለሚያስቸግራቸው በየዓመቱ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይወርዳሉ፤ ሁለት ሳምንት እቆያለሁ ብለው ሄደው በአምስተኛው ቀን ይመለሳሉ። «ፍል ውሃውስ ደህና ነው፤ መኝታው ግን የሰው ቤት ነው» ይላሉ።

ሂክማ በመጀመሪያው ቀን ግድግዳውን ስትለካ አንድ ነገር አይታ ነበር። ቤቱ በሙሉ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ በሰው ወገብ ከፍታና በሰው ራስ ከፍታ ዙሪያውን የወይራ አግዳሚ ተጋድሞበታል። የተሰነጠቀው የምሥራቅ ጥግ ብቻ ከመሬት እስከ ትከሻ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶው ላይ ደግሞ ክብ ክብ ምልክት በሦስት ረድፍ ታትሞበታል። ቆጠረችው፤ አርባ አንድ።

«ይሄ ምንድነው አባባ?»

«ጥለት ነው» አሉና ወደ ጉድጓዳቸው ገቡ። ወሬው እዚያ ላይ አለቀ። ሂክማም ደብተሯ ላይ «አርባ አንድ ክብ፣ ምክንያቱ አልታወቀም» ብላ ጻፈች። ያልታወቀ ነገር ስትጽፍ ብዕሯን ጠበቅ ታደርጋለች።

ሦስተኛው ስሌት በወደቀ ማግስት ላፕቶፗን ይዛ ሄደች። እውነቱን ለመናገር፣ የሄደችው «አይቆምም» ልትላቸው ነው። መንገዱን ሁሉ ስትለማመደው መጥታ በሩ ላይ ስትደርስ ጠፋት።

«ግቢ ልጄ! ምን ይላል ያ ጉደኛ እቃሽ?»

«አባባ… ወድቋል ይላል።»

«ማን?»

«ቤቱ።»

አባባ ኢድሪስ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ። «ሱብሃነላህ! እኛ ታዲያ አሁን የት ነው ያለነው?» አሉ።

ሳቋ አመለጣት። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ቤቱ ቆሜያለሁ ይላል፣ እቃሽ ወድቋል ይላል። አንዳቸው ዋሽተዋል። ቤቱን ስልሳ ሰባት ዓመት አውቀዋለሁ፤ እቃሽን ገና ዛሬ ነው የማየው። እስቲ አምጪው፣ ልየው።»

ከጉድጓዱ ጠርዝ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠችና ላፕቶፑን ከፈተች። ግድግዳው በቀለም ተስሏል፤ ድንጋዩ ግራጫ፣ ጭቃው ቡኒ፣ እንጨቱ ቀይ። በላዩ ላይ ደግሞ ጥቃቅን መስመር እንደ ወንፊት ተዘርግቶበታል።

«ኮምፒውተር ግድግዳ የሚባል ነገር አያውቅም» አለች። «ሙሉውን አስላ ቢሉት አይችልም። ስለዚህ በጥቃቅን ቁራጭ እንከፋፍልለታለን። ሜሽ እንለዋለን፤ አንቱ መረብ በሉት። አንዱ ቁራጭ የተሸከመውን ክብደት ያሰላና ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ ጎረቤቱም ለሚቀጥለው።»

«ስንት ቁራጭ ነው?»

«ሁለት መቶ ሺህ ገደማ።»

«ኤዲያ! ቆጥረሽው ነው?»

«እሱ ነው የሚቆጥረው። ድንጋይ ብቻ ቢሆን፣ እንጨት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። የአንቱ ቤት ግን ሦስት ነገር ነው። አንድ ቁራጭ ግማሹ ድንጋይ፣ ግማሹ እንጨት መሆን አይችልም፤ ድንበሩ ላይ መቆረጥ አለበት። ደግሞ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያሉት ቁራጮች ጥግ ለጥግ መግጠም አለባቸው። የአንዱ ጥግ የሌላው ወገብ ላይ ካረፈ መሀላቸው ይከፈታል፤ ያኔ ስሌቱ ሁሉ ከንቱ ነው።»

«ሸማ ነዋ!» አሉ አባባ ኢድሪስ። «እንዲህ አትይኝም? ድርና ማጉ ካልገጠመ ምኑ ሸማ ሆነ?»

መነጽራቸውን አወጡ። አንዱ ጆሮው ተሰብሮ በክር የታሰረ ነው። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ሸማኔ ጨርቅ ሲያይ መልኩን አያይም፤ ስህተቱን ነው የሚፈልገው። እሳቸውም በጣታቸው ጫፍ መስመር በመስመር እየሄዱ ብዙ ቆዩ። ሂክማ ፈተና ላይ የተቀመጠች ነበር የሚመስላት።

«ቀዩ እንጨት፣ ግራጫው ድንጋይ፤ አይደል?»

«አዎ።»

«እዚህ መሀላቸው ላይ ምን አለ?»

«ምንም። ይገናኛሉ። የእንጨቱ ጥግና የድንጋዩ ጥግ አንድ ነጥብ ነው፤ አጣብቄዋለሁ።»

«አንድ?»

«አንድ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄማ አይሆንም።» የጀመሩትን ጋቢ ሳብ አድርገው ጫፉን ሰጧት። «ያዢ። ነጩ የእጅ ጥጥ ነው፣ ዳር ዳሩን የሚሄደው ጥለት የፋብሪካ ክር ነው። ውሃ ሲነካቸው ነጩ ይሰበሰባል፣ ጥለቱ እንዳለ ነው። እኩል ወጥሬ ብሸምነው በመጀመሪያው አጠባ ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ይጨማደዳል፤ ሴትዮዋም ፊቴ ላይ ትወረውርልኛለች።»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«ነጩን ላላ አድርጌ ነው የምወጥረው። ፋታ እሰጠዋለሁ። ሁለት ባሕርይ ያለው ነገር አብሮ የሚኖረው መሀሉ ፋታ ሲኖረው ነው። አሁን ወይራው ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይከሳል። ድንጋዩስ ወዴት ይሄዳል? እንዲህ አጣብቀሽ ካሰርሽው ይገነጥለዋላ!»

«እኮ! ስሌቱም የሚለው ይሄንኑ ነው» አለች ሂክማ፣ ድምጿ ከፍ ብሎ። «ይገነጥለዋል ነው የሚለው።»

«ካልገነጠለው ታዲያ መሀል ላይ አንድ ነገር አለ ማለት ነዋ። ሠሪው ሸማኔ ባይሆንም ሞኝ አልነበረም።»

ተያዩ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር ይባል የለ? ሁለቱም እኩል ተነሡ። ሽማግሌው ከሰፌዱ ላይ የዘምዘምን ወስፌ አነሡ፤ ሂክማ የስልኳን መብራት አበራች። ከሰሜኑ ግድግዳ ጀመሩ። ወገብ ላይ ካለው አግዳሚ ሥር ልስኑን በጥንቃቄ ፈቀፈቁትና ወስፌውን ሰደዱት። ሲስቡት ቁንጥር ቡናማ ፀጉር ይዞ ወጣ።

አባባ ኢድሪስ ከት ብለው ሳቁ። «ይሄማ የአይጥ ጎጆ ነው! ይሄ ቤት ሁልጊዜ ይሄን ይተፋል። ልጆች ሆነን እየነቀልን ስንጫወትበት እናቴ ትገርፈን ነበር።»

ሂክማ ግን ፀጉሩን አልለቀቀችውም። ቀስ ብላ ሳበችው፤ እምቢ አለ። የላላ ፀጉር አይደለም፤ ከአንድ ነገር ጋር ተያይዟል። ልስኑን ትንሽ ጨምራ አስለቀቀች፣ ዓይኗን አስጠግታ አየች፣ በጥፍሯ ነካችው፣ ከዚያ (ምን ታደርጓታላችሁ) አሸተተችው።

«አባባ፣ አይጥ አይደለም። ቁርበት ነው።»

ቁርበት ነበር። ብዙ ዘመን ተቀምጠውበት የለዘበ፣ ያረጀ የበሬ ቁርበት። አግዳሚው ከላይም ከታችም ተጠቅልሎበታል፤ ፀጉሩ ወደ እንጨቱ ዞሯል፣ በፀጉሩና በእንጨቱ መሀል አመድ ተነስንሷል። «አመዱ ለምስጥ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። ወደ ምዕራቡ ግድግዳ ሄዱ፤ አለ። ወደ ደቡቡ ሄዱ፤ እሱም አለ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰውዬ ከግድግዳ ግድግዳ ሲሮጡ ላየ ወንዛዬን ማን ይናፍቃል ያሰኛል።

«ስልሳ ሰባት ዓመት!» ይላሉ። «ስልሳ ሰባት ዓመት ከበሬ ጋር አንድ ቤት ስኖር አላወቅኩም!»

ሂክማ ወደ ምሥራቁ ጥግ ዞረች። ወስፌው ቋ አለና ቆመ። ሲሚንቶ ነው። ዘወር ስትል አባባ ኢድሪስ ሳቃቸውን ትተዋል፤ በእጃቸው የያዙትን ቁንጥር ፀጉር ያዩታል።

«ዛሬ ይበቃናል ልጄ» አሉ። ደክሟቸው መሰላት።

ቢሮዋ ተመልሳ ቁርበቱን ወደ ስሌቱ ለማስገባት ተቀመጠች። ቀላል መስሏት ነበር። የግድግዳው ውፍረት ሰባ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቁርበቱ ሦስት ሚሊ ሜትር። ግድግዳውን ሁሉ በቁርበቱ ልክ ካደቀቀችው ቁራጩ ስፍር ቁጥር ያጣል፣ ኮምፒውተሩም ታፍኖ ይቀራል። ቁራጩን በግድግዳው ልክ ካተለቀችው ደግሞ ቁርበቱ ላይ ያሉት ተጨፍልቀው እንደ ስለት ይቀጥናሉ፤ እንዲህ ያለ ቁራጭ ስሌት ያሳብዳል። አንድ ቀን ሙሉ ሞክራ «አልተቻለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ አተረፈች። በሁለተኛው ቀን ስሌቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ሄደ። ያለችውን እዚህ አልጽፈውም፤ ኮምቦልቻ ድረስ የሚሰማ ነበር።

በጨለመው ስክሪን ፊት ተቀምጣ ያን ጋቢ አሰበች። ሽማግሌው መጀመሪያ የሚቆጥሩት የቱን ነው? ጥለቱን ነው። ጥለቱን ቆጥረው ያስቀምጡና ነጩን ለሱ እንዲስማማ ያደርጉታል። እሷ ግን ድንጋዩን ዘርግታ ጨርሳ ነው ቁርበቱን በግድ ልትሰነቅር የምትታገለው! መብራት ሲመጣ ሁሉንም አጠፋች። መጀመሪያ የቁርበቱን ሁለት ፊት ብቻ በነጥብ ሞላች፤ ወዲህና ወዲያ ያሉት ነጥቦች ፊት ለፊት እንዲተያዩ አድርጋ። ከዚያ ተነሥታ ወደ ውጭ ሄደች፤ ቁርበቱ አጠገብ ደቃቅ ቁራጭ፣ ራቅ ሲል ከፍ ያለ፣ ድንጋዩ ሆድ ውስጥ ትልልቅ። ተስማማ። አንድም የተከፈተ ቦታ የለም።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ውጤቱ ወጣ። የሰሜኑ ግድግዳ ሰማያዊ ሆነ፤ ቆሟል። ምዕራቡም ቆሟል፣ ደቡቡም ቆሟል። ሂክማ ብቻዋን እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ከዚያ ስዕሉን ወደ ምሥራቅ አዞረችው።

እዚያ ላይ ያስገባችው የለካችውን ነው፤ ሲሚንቶ። ጥጉ ቀልቷል። ከወገቡ አግዳሚ ቀይ መስመር ተነሥቶ ሦስት ድንጋይ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ በመስኮቱ ሥር አልፎ ጣሪያው ድረስ ይደርሳል። ስልኳን አውጥታ ያነሣችውን የስንጥቁን ፎቶ አጠገቡ ያዘችው። ሦስት ድንጋይ ወደ ላይ። ወደ ቀኝ። በመስኮቱ ሥር። ጣሪያው ድረስ። ስንጥቁን ለኮምፒውተሩ ማንም አልነገረውም፤ ራሱ ነው ያገኘው። እንዲህ ያለ ደስታ በሕይወቷ ሁለቴ አላየችም፤ ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ስዕሉ የሚናገረው ስለ ማን እጅ እንደሆነ፣ ሽማግሌው ያን ቀን ሳቃቸውን ለምን እንደተዉ ገባት። ሲሚንቶውን አውጥታ በምትኩ ቁርበት አስገብታ እንደገና አሰላችው። ጥጉ ቆመ።

አባባ ኢድሪስ ዘንድ ስትደርስ ሥራ ፈትተው ሲሚንቶው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«የሰነጠቀው የኔ እጅ ነው፤ አይደል?» አሉ፣ ሳትቀመጥ።

ሂክማ ላፕቶፑን አልከፈተችውም።

«አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው» አሉ። «መኝታችን እዚህ ጥግ ነበር። ከአግዳሚው ሥር ያ ፀጉር ይወጣል፣ ዘምዘም ‹አይጥ ፊቴ ላይ ሊወልድ ነው› እያለች እንቅልፍ አጣች። ያኔ ሲሚንቶ በሰፈሩ ብርቅ ነው፤ እኔ ደግሞ እጄ ላይ ገብቶልኝ ነበር። በገዛ እጄ ያን ፀጉር አንድ ሳላስቀር ጎልጉዬ አወጣሁት። አቃጠልኩት። ሲሚንቶ ሞላሁበት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! እንዴት እንደኮራሁ! ጎረቤቱን እየጠራሁ አሳየሁ።»

«ክቦቹስ?»

«እሷ ናት። ሳይደርቅ እንዝርቷን አምጥታ በክቡ ታትመው ጀመር። ‹ጥለት የሌለው ግድግዳ ራቁቱን ነው› ትላለች፣ ትስቃለች። በአርባ አንደኛው ላይ ደረቀባት።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ስነሣ እጄን እዚህ ላይ ሳላደርግ ወደ ሥራ አልገባም። ወላሂ አልገባም።»

አለቀሱ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ዓይኑን የሚያይ አይኑር። ሂክማ መሬት መሬቱን አየች፤ የሷም ዓይን ሞላ። በመጨረሻ «አባባ፣ ሌላ መንገድ ልፈልግ?» አለች።

«አለ?»

መዋሸት አምሯት ነበር። «የለም» አለች።

ግንቦት ሃያ ስምንት አቶ ቢሆነኝ ወረቀቷን እዚያው ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ አነበበ። ‹ሲሚንቶው ወጥቶ በአግዳሚው ዙሪያ ቁርበት ቢገባ ይቆማል፤ ካልወጣ አይቆምም› ይላል። «በመሐንዲስ ወረቀት ላይ ቁርበት የሚል ቃል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። የሚቀልድ መሰለ እንጂ ፊቱ አልተፈታም። ሂክማ ላፕቶፑን ከስንጥቁ አጠገብ ይዛ ቆመች። አቶ ቢሆነኝ ቀዩን መስመር አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ እንደገና መስመሩን አየ። በጣቱ ስንጥቁን ከታች እስከ ላይ ተከተለው።

«እስከ ሰኔ ሚካኤል ጨርሱ» አለ። «እስከዚያ ጣሪያው በእንጨት ይደገፍ፣ በዚህ በኩል ሰው አይለፍ። ካላለቀ እኔው መጥቼ አፈርሰዋለሁ፤ እንዳትቀየሙኝ።»

ግንበኛው ይሻው የሚባል የእብናት ሰው ነው። ጣሪያውን ደግፎ፣ መዶሻና መሮውን አዘጋጅቶ ሊጀምር ሲል አባባ ኢድሪስ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጣው።»

«ኧረ አባባ፣ ጉልበትዎን…» አለ ይሻው።

«አምጣው አልኩህ! እኔ አይደለሁ ያስገባሁት?»

ቢስሚላህ ብለው ከዳሩ ጀመሩ። ሲሚንቶው ክፉ ነው፤ ወጣት ያደክማል። ዝቅተኛውን ረድፍ ሲጨርሱ ላባቸው በጺማቸው ይንጠባጠብ ነበር። ሁለተኛውን ተቀምጠው መቱት። በሦስተኛው ረድፍ መጨረሻ ላይ፣ ያቺ አርባ አንደኛዋ ገና ግማሽ ክብ ሳለች የደረቀችው ጋ ሲደርሱ፣ መዶሻውን አንሥተው ቆዩ። ይሻው ወደ ጭቃው ዞረ። ከዚያ መቷት። ከጀርባው ወይራው ወጣ፤ በአንድ በኩሉ ጠቁሮ፣ ታፍኖ፣ ከድንጋዩ ጋር ተጣብቆ።

ሂክማ ከሥጋ ቤት ቁርበት ገዝታ መጥታ ነበር። አባባ ኢድሪስ ዳሰሱትና ወደ ጎን ጣሉት። «ይሄ ጥሬ ነው። ደርቆ ቆርቆሮ ይሆናል። ያየሽው እኮ የተቀመጡበት፣ የለዘበ ነው።» ግድግዳውን ይዘው ተነሡና ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ፈቱት። ያረጀ የበሬ ቁርበት ነው፤ ጫፍ ጫፉ በጥንቃቄ ተከርክሟል፣ ፀጉሩ ቦታ ቦታ ላይ አልቋል።

«አባባ፣ ይሄ…»

«የዘምዘም መስገጃ ነው። ሠላሳ ዓመት ሰግዳበታለች።»

«ይሄን ግድግዳ ውስጥ እንዴት…»

«ንጹሕ ነው። በቀን አምስቴ ታጥቦ የሚቆም ሰው የቆመበት ነው። ሳጥን ውስጥ ብል ከሚበላው ቤቷን ይያዝ። ለኪው።»

ሂክማ መለኪያዋን አወጣች። ውፍረቱ በስሌቱ ካስገባችው ማነስ የለበትም። አንደኛው ጫፍ ሦስት ሚሊ። ሌላው ጫፍ ሦስት። መሀሉ ሦስት ሊሞላ ትንሽ የጎደለ። ወደ ታች ወረድ ስትል ሁለት ቦታ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ ፀጉሩ ፈጽሞ ያለቀበት አለ። መለኪያውን አስገብታ አነበበች፤ እንደገና አስገብታ አነበበች።

«ስንት ነው?»

«ሁለት።»

ሽማግሌው ቁርበቱን ከእጇ ሳይወስዱ መዳፋቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ። «ጉልበቷ ነው» አሉ። ከዚያ «ይበቃል?» አሏት።

«እንጃ» ማለት ትችል ነበር፤ «ይበቃል» ማለትም ትችል ነበር፣ ማን ያውቅባታል? የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠችና ላፕቶፗን ከፈተች። ሁለቱ ቦታ ላይ ያሉትን ነጥቦች አቀራረበች፣ በዙሪያቸው ያለውን መረብ አስተካከለች፣ እንዲያሰላ ለቀቀችው። ይሻው የጤፍ ጭድ ያቦካበት ጭቃ እየደረቀ «ምን እየጠበቅን ነው?» አለ። ከጉና ተራራ በኩል ደመና ይጎተታል። አባባ ኢድሪስ ከኋላዋ ቆመው መነጽራቸውን ይዘው ስክሪኑን ያያሉ። ጥጉ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቀስ እያለ እስከ ጣሪያው ድረስ ሰማያዊ ሆነ።

«ይበቃል አባባ» አለች ሂክማ። «ጉልበቷም ያለበት ይበቃል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁርበቱን አንዴ ሳሙትና ለይሻው አቀበሉት። «አመዱን አትርሳ» አሉት። «ፀጉሩን ደግሞ ወደ እንጨቱ አድርገው።»